ቡቺ ሀስኪ ሲያይ ብቻ ሌላ ውሻ ይሆናል፤ ውሾች ዝርያ ለይተው ይጠላሉ?

ባለ ቡቺ

ሰላም ለሁላችሁም። ውሻዬ ቡቺ ይባላል። ድቅል ነው፣ መካከለኛ ቁመት አለው፣ አራት ዓመቱ ነው። ከሰው ጋር ሰላም ነው፣ ከውሻም ጋር እንደዚያው። ላብራዶር፣ ፑድል፣ ጀርመን ሼፐርድ፣ ዝርያውን የማላውቀው ትንሽ ነጭ ውሻ፣ ሁሉንም አሽትቶ ጭራውን ቆልቶ ያልፋል። ሀስኪ፣ ያ ተኩላ የሚመስለው ዝርያ፣ ሲመጣ ግን ሌላ ነው። ገና ከሩቅ ሲያየው ድርቅ ይላል፣ አፉን ይዘጋል፣ የጀርባው ፀጉር ይቆማል፣ ከዚያ ገመዱን እየጎተተ መጮህ ነው። አንድ የተወሰነ ሀስኪ ቢሆን «ተጣልተው ይሆናል» እል ነበር። ግን የትኛውም ሀስኪ ነው፤ ግራጫውም ቀዩም፣ ወንዱም ሴቷም። ሀስኪ ነክሶት አያውቅም፣ ከቡችላነቱ ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ።

ውሻ እውነት ዝርያ ይለያል? ለይቶስ ይጠላል? ይህን የምጠይቀው ለማወቅ ብቻ አይደለም። ከጎናችን የገቡት አዲሶቹ ጎረቤቶች ሀስኪ አላቸው፣ በየቀኑ መተያየታችን አይቀርም። «ይለምደዋል፣ አትጨነቂ» የሚሉኝ አሉ። እኔ የማየው ግን ሲለምድ ሳይሆን ሲብስበት ነው።

ጠይም ጥላ

የኔም እንደዚያው ናት። ቦክሰር የሚባለውን ዝርያ አትወድም፣ አለቀ። ሌላ ውሻ ምንም አይመስላትም። ብቻሽን አይደለሽም እህቴ። ይለያሉ ባይ ነኝ።

ቀጥታ ነገር

እኔ አልስማማም። ዝርያ ሰው ያወጣው ክፍፍል ነው፤ ዛሬ በስም የምንጠራቸው አብዛኞቹ ዝርያዎች መልካቸው ተወስኖ መዝገብ የገቡት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ነው። ውሻ ይህን ከየት ያውቀዋል?

ይልቅ ሀስኪ ከሩቅ ስታዪ አንቺ ምን እንደምታደርጊ አስቢ። ገመዱን ታሳጥሪያለሽ፣ ትንፋሽሽን ትይዣለሽ፣ እርምጃሽ ይለወጣል። ውሻው ይህ ሁሉ በገመዱ በኩል ይደርሰዋል። አንድ ቀን በሆነ ምክንያት ጮኸ፣ አንቺ ደነገጥሽ፣ ከዚያ ወዲህ ሀስኪ በመጣ ቁጥር ሁለታችሁም ትዘጋጃላችሁ። ሰው ደግሞ የጠበቀውን ነው የሚቆጥረው። ሀስኪ አይቶ ዝም ብሎ ያለፈበት ቀን አእምሮሽ ውስጥ አይቀርም።

ባለ ቡቺ

ስለ ገመዱ ያልከው ያሳምናል። ግን ወንድሜ ይዞት ሲወጣም ያው ነው፤ ወንድሜ ደግሞ ሀስኪ የሚባል ነገር አያውቅም፣ «ያ ተኩላ የሚመስለውን ሲያይ አበደብኝ» ብሎ ነው የነገረኝ። ቤት ውስጥ ሆኖ በመስኮት ሲያየውም ይጮኻል፣ ያኔ ገመድም የለም፣ እኔም አጠገቡ የለሁም።

ንስር ዓይን

ከመጀመሪያው እንነሳ። ውሻ ሌላውን ውሻ ውሻ መሆኑን በዓይኑ ብቻ ይለያል ወይ? ይለያል። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ2013 ያሳተሙት ጥናት አለ። 9 የቤት ውሾችን ስክሪን ፊት አቁመው ሁለት ሁለት የፊት ፎቶ አሳዩአቸው፤ በአንዱ በኩል ውሻ፣ በሌላው በኩል ሌላ እንስሳ ወይም ሰው። በፎቶው ላይ ያሉት ውሾች በጣም የተለያዩ ነበሩ፤ ጆሮው የቆመም የተንጠለጠለም፣ ፊቱ የረዘመም ያጠረም። ሽታ የለም፣ ድምፅ የለም፣ እንቅስቃሴ የለም። ዘጠኙም የውሻውን ፊት መለየት ቻሉ። እንግዲህ ቺዋዋና ሮትዋይለር በውሻ ዓይን ሁለቱም ውሻ ናቸው።

ይህ ማለት ግን «ይሄ ሀስኪ ነው፣ ያኛው ማላሙት ነው» ብሎ ይመድባል ማለት አይደለም። እሱ የሚያየው መልክና አኳኋን ነው፦ ጆሮው ቆሟል ወይስ ተኝቷል፣ ጭራው የት ነው ያለው፣ ፊቱ ይንቀሳቀሳል ወይ፣ ሲመጣ ቀጥ ብሎ ነው ወይስ ዞር እያለ፣ ሲተነፍስ ምን ይሰማል። አንድ ዝርያ ደግሞ እነዚህን ነገሮች በአንድነት ይዞ እንዲወለድ ሰው እየመረጠ ያዳቀለው ነው። ስለዚህ ቡቺ አንዱን ነገር ከጠላ፣ ያንን ነገር የያዙትን ሁሉ ይጠላል፣ ከውጭ ለምናይ ለኛ ዝርያውን የጠላ ይመስለናል። ለባለቤቱ ውጤቱ ያው ሊመስል ይችላል። ለመፍትሔው ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ ምክንያቱም «ሀስኪ» የሚባለውን ነገር ማስለመድ አትችዪም፤ የቆመ ጆሮ፣ የታጠፈ ጭራ፣ ትክ ብሎ የሚያይ ዓይን ግን አንድ በአንድ ማስለመድ ይቻላል።

ሌላም አለ። በ1997 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት 10 ዝርያዎችን ወስዶ፣ ተኩላ ሲጋጭ ወይም ሲሸነፍ ከሚያሳያቸው 15 የአካል ምልክቶች ውስጥ እያንዳንዱ ዝርያ ስንቱን እንደሚያሳይ ቆጥሮ ነበር። ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓኒየል 2ቱን ብቻ ነው የሚያሳየው። ሀስኪ 15ቱንም። መልካቸው ከተኩላ እየራቀ በሄደ ቁጥር የሚናገሩበት መንገድም እየቀነሰ ሄዷል ማለት ነው። ሁለት ውሾች ሲገናኙ አንዱ ብዙ ይናገራል፣ ሌላው ጥቂት፣ አለመግባባት ቢፈጠር አይገርምም።

ቀጥታ ነገር

ታዲያ ይህ ባለ ቡቺ ካለችው ጋር ይጋጫል። ሀስኪ 15ቱንም ምልክት የሚያሳይ ከሆነ ከሁሉም ውሻ ይበልጥ የሚነበበው እሱ ነው ማለት ነው። ቡቺ ፑድልን ተግባብቶ ሀስኪን የሚሸሽበት ምክንያት ምንድነው?

ንስር ዓይን

ጥያቄህ ተገቢ ነው። ምልክት ማሳየት መቻል አንድ ነገር ነው፣ ምንም ሳያደርግ ዝም ብሎ ቆሞ ምን ይመስላል የሚለው ሌላ ነው። ሀስኪ ቆሞ አየር እያሸተተ እንኳን ጆሮው ቀጥ ያለ ነው፣ ጭራው ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ወጥቶ ታጥፏል፣ ፀጉሩ ወፍራም ስለሆነ ሁልጊዜ የተነፋ ይመስላል፣ ዓይኑ ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ መሀሉ ያለው ጥቁር ነጥብ ጎልቶ ስለሚወጣ ትክ ብሎ የሚያይ ያስመስለዋል። አሁን ይህንን ሁሉ ላብራዶር ላይ አድርገህ አስበው። ጆሮው ወደፊት፣ ጭራው ሽቅብ፣ የጀርባው ፀጉር ቆሞ፣ ዓይኑ ሳይነቀል። ያ ላብራዶር ለጠብ ተዘጋጅቷል። ጆሮአቸው ከተንጠለጠለ ውሾች ጋር ያደገ ውሻ ሀስኪን በሚያውቀው ቋንቋ ሲያነበው የሚያየው ገና ሳይተዋወቁ የሚያስፈራራውን ነው።

ባለ ቡቺ፣ እስቲ ይህን ተመልከቺልኝ። ጭራቸው ጀርባቸው ላይ የሚታጠፍ ሌሎች ውሾች፣ ሳሞይድ፣ አኪታ፣ ሺባ ኢኑ፣ ሲያይ ምን ይሆናል? የተኛ ሀስኪስ? የሀስኪ ቡችላስ? መጮህ የሚጀምረውስ ሽታው ሳይደርሰው ገና ከሩቅ ነው ወይስ ከቀረበ በኋላ?

የቡልዶግ እናት

እኔ ከሌላው ወገን ልናገር፣ ምክንያቱም የኔ ውሻ የሚጠላው ነው። ፈረንሳይ ቡልዶግ ነው። ፊቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ቢናደድም ቢደሰትም ገጽታው ብዙ አይለወጥም። ጭራ የሚባል የለውም፣ ያለው ቁራጭ ነገር ነው፣ ሲቆላው የሚወዛወዘው ወገቡ በሙሉ ነው። ዓይኑ ወጣ ያለ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን ትንፋሹ ነው። አፍንጫውና ጉሮሮው ጠባብ ስለሆነ ሲደሰት ያንኮራፋል፣ ኩርፍ ኩርፍ ይላል፣ ሌላው ውሻ ይህንን ማጉረምረም አድርጎ ይሰማዋል። እሱ «እንጫወት» እያለ ይሮጣል፣ ያኛው «እያጉረመረመ ወደኔ መጣ» ይላል። ጥርስ ሲያሳዩት፣ ሲያባርሩት፣ ጥፋቱን ሳያውቅ ጆሮውን ጥሎ ወደኔ ሲመለስ ማየት ልብ ይሰብራል።

ስለዚህ እባካችሁ «ውሻዬ ፊተ ጠፍጣፋ አይወድም» ስትሉ እኛን እንደ ጥፋተኛ አትዩን። የኔ ውሻ ክፉ አይደለም። ርቀት ስጡን፣ እኛም እንሰጣለን። ሰላምታው አጭር ይሁን፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ይሁን። ደግሞ ኩርፍታውን የለመዱ ውሾች አሉ፤ ከቡልዶግ ጋር አንድ ቤት ያደጉ ውሾች ከኔው ጋር ያለ ምንም ችግር ይጫወታሉ። እኔን የሚያሳምነኝ ይህ ነው፤ ጥላቻው ከደም አይመጣም፣ ካለመተዋወቅ ነው።

ጡረተኛው

ልጆቼ፣ ስለ ጭራ አንድ ነገር ልበላችሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ውሻ አሳድጌአለሁ፣ ጭራው የተቆረጠ ውሻ ከሌሎች ጋር ሲገናኝ ችግር የሚበዛበት ለምን እንደሆነ ሁልጊዜ አስብ ነበር። በካናዳ የቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች በ2008 ያሳተሙትን ሳነብ ገባኝ። በርቀት የሚንቀሳቀስ የውሻ ቅርፅ ሠሩ፣ ቁመቱ የእውነተኛ ውሻ ያህል ነው፣ ጭራው ይቀያየራል። ረጅም ጭራ ሲያደርጉለትና ሲወዛወዝ፣ ትልልቅ ውሾች ጭራው ዝም ካለበት ጊዜ ይልቅ ደፍረው ይቀርቡታል። አጭር ጭራ ሲያደርጉለት ግን ቢወዛወዝም ባይወዛወዝም አቀራረባቸው ላይ ልዩነት አላመጣም። መልእክቱ አልደረሳቸውማ።

ጣሊያኖች ደግሞ ጭራው ወደ ቀኝ ሲያደላና ወደ ግራ ሲያደላ ትርጉሙ እንደሚለያይ አሳይተዋል። በ2013 ባወጡት ሥራ፣ ወደ ግራ እያደላ የሚቆላ ውሻ በቪዲዮ ያዩ ውሾች ልባቸው በፍጥነት ይመታ ነበር፣ የጭንቀት ምልክትም ያሳዩ ነበር። ውሻ የውሻን ጭራ ይህን ያህል በዝርዝር ነው የሚያነበው። ያንን ቆርጦ መጣል ውሻውን አፉን መዝጋት ነው። ለመልክ ብቻ ተብሎ ጭራና ጆሮ መቁረጥ በብዙ አገሮች ታግዷል፣ ባልታገደበትም ቢቀር ደስ ይለኛል።

ጠይም ጥላ

አባባ፣ የቦክሰሩ ነገር አሁን ገባኝ። እዚህ የማገኛቸው ቦክሰሮች ጭራቸው የተቆረጠ ነው። ደግሞ አጨዋወታቸው፤ በፊት እግራቸው ይማታሉ፣ በደረታቸው ይገፋሉ። የኔዋ መሮጥና መባረር ነው የምትወደው፣ ሰውነቷን ሲነኳት ትናደዳለች። በቀደም አንድ ሌላ ዝርያ ድቅል በእግሩ ሲመታት እንደ ቦክሰሩ ጮኸችበት። ለካ የምትጠላው መመታቱን ኖሯል።

ሰማያዊ በር

የኔን ስሙ። ጎልደን ሪትሪቨር ነው ያለኝ፣ በልጅነቱ ትልቅ ጥቁር ላብራዶር ጆሮውን ነክሶታል። ከዚያ ወዲህ ጥቁር ትልቅ ውሻ ማየት አይችልም። ላብራዶር ብቻ አይደለም፣ ጥቁር ሼፐርድም፣ ጥቁር ድቅልም፣ ሁሉም አንድ ነው ለሱ። ቢጫ ላብራዶር ግን የቅርብ ጓደኛው ነው። ቡናማውም ምንም አይለውም። ዝርያ የሚለይ ቢሆን ኖሮ ቢጫውንም ይጠላ ነበር፣ ያው ላብራዶር ናቸውና። እሱ ያጠራቀመው «ትልቅና ጥቁር» የሚለውን ነው።

ቀጥታ ነገር

ይህ ነው እንግዲህ እኔ ስል የነበረው። ዝርያ አይደለም።

ባለ ቡቺ

ንስር ዓይን ያልከውን ተመለከትኩ። ሳሞይድ አገኘን፣ ነጭ ለስላሳ፣ በጣም ደስተኛ ውሻ። ቡቺ ልክ እንደ ሀስኪ አበደ! ሺባም ላይ ጮኸ፣ ግን ትንሽ ስለሆነ ነው መሰለኝ ቶሎ ተወ። የጎረቤቶቹ ሀስኪ በራቸው ላይ ተጠቅልሎ ተኝቶ ሳለ ደግሞ አለፍን፤ አየው፣ አሸተተ፣ ዝም ብሎ አለፈ። ያው ሀስኪ ሲነሳና ጆሮውን ሲያቆም ነው ጩኸቱ የጀመረው። ሽታው እንደሆነ ቀድሞም ደርሶት ነበር። ስለዚህ ዝርያው አይደለም፣ ሽታውም አይደለም። አቋሙ ነው ማለት ነው?

ንስር ዓይን

በትክክል። ተመልክተሽ ያመጣሽው እዚህ ከተጻፈው ሁሉ ይበልጣል። አንድ ሀስኪ ተኝቶ ሰላም፣ ቆሞ ጠላት። ጉዳዩ አቋሙና ጭራው ነው።

መስመር ጠባቂ

በጣም አወሳሰባችሁት። ሲጮህ ገመዱን ጠንከር አድርገሽ ሳብ አድርጊው፣ «ዝም» በይው፣ ማን አለቃ እንደሆነ ይወቅ። ውሻ ሥርዓት ነው የሚያስፈልገው። ውሾቼን እንዲህ ነው ያሳደግኩት፣ አይጮሁም።

ቀስ በቀስ

ወንድሜ፣ በዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም፣ ሥራዬ ውሻ ማሠልጠን ነውና። ቡቺ የሚጮኸው ፈርቶ ነው ወይም ተጨንቆ ነው። ሀስኪ በታየ ቁጥር አንገቱ ከታነቀ የሚማረው «ሀስኪ ሲመጣ ያመኛል» የሚለውን ነው። ቀድሞ የነበረው ጥርጣሬ አሁን ማስረጃ አገኘ ማለት ነው። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ደግሞ ማጉረምረምን መቅጣት ነው። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። ማስጠንቀቂያውን ስትቀጣው ፍርሃቱ አይጠፋም፣ የሚጠፋው ድምፁ ነው፣ ከዚያ አንድ ቀን ሳይጮህ ሳያጉረመርም ይነክሳል፣ ሰው ሁሉ «ድንገት ነው የነከሰው» ይላል። ያንተ ውሾች አለመጮሃቸው ደስ መሰኘታቸውን አያሳይም።

ባለ ቡቺ፣ እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ቡቺ ሀስኪውን አይቶ ገና ያልደረቀበትን ርቀት ፈልጊ። አፉ ክፍት ከሆነ፣ ጆሮው ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ፣ ስትጠሪው ዞር ብሎ የሚያይሽ ከሆነ ርቀቱ ትክክል ነው። የምትሰጪውን አልበላም ካለ በጣም ቀርበሻል፣ ራቂ። ከዚያ ሀስኪውን ሲያይ፣ ካየ በኋላ፣ በጣም የሚወደውን ነገር ስጪው፣ ቁራሽ ሥጋም ይሁን ሌላ፣ ብቻ ሌላ ጊዜ የማያገኘው ይሁን። ሀስኪው ከዓይኑ ሲጠፋ መስጠቱም ይቁም። ቅደም ተከተሉን እንዳትሳሳቺ፤ ቀድሞ ሀስኪ ነው፣ ከዚያ ሥጋው። ቀድመሽ ሥጋውን ካሳየሽው ሥጋው ራሱ «ሀስኪ እየመጣ ነው» የሚል የአደጋ ምልክት ይሆንበታል። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ፓቭሎቭ በውሾች ምራቅ ያሳየው ይኸው ነው፤ አንዱ ነገር ሌላውን ቀድሞ ከመጣ አካሉ ሁለተኛውን መጠበቅ ይማራል። ቡቺ ሀስኪ አይቶ ወደ አንቺ ፊቱን ያዞረ ቀን ነገሩ ሥር መያዝ ጀምሯል።

ተስፋ ሳትቆርጪ፣ ሳትቸኩዪ። ቀኑ መጥፎ ከሆነ፣ አስቀድሞ ሞተር ብስክሌት አስደንግጦት ከሆነ፣ ሌላ ውሻ ከጮኸበት፣ ያን ቀን ሀስኪ ጋ አትሂዱ። ጭንቀት ይደራረባል፣ ሌላ ቀን የሚችለውን ያን ቀን አይችልም።

ነጭ ካፖርት

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ በአጭሩ ላስገባ። «ይህ ውሻ እንዲህ አልነበረም» የሚል ሰው ሲመጣ እኔ መጀመሪያ የምመረምረው ሕመምን ነው። ዳሌ፣ ጉልበት፣ ጀርባ፣ ጥርስ፣ ጆሮ። የሚያመው ውሻ ጉልበተኛና ቀጥ ብሎ የሚመጣ ውሻን አስቀድሞ ይከላከላል፣ ምክንያቱም ቢገፋው እንደሚያመው ያውቃል። በ2020 የታተመ የእንግሊዝ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ጽሑፍ፣ ለባህርይ ችግር ወደ እነሱ ከተላኩ እንስሳት ቢያንስ አንድ ሦስተኛው አካባቢ አንድ ዓይነት ሕመም እንደነበረባቸው ይገምታል። ቡቺ እየባሰበት ነው ስላልሽ፣ ሥልጠናውን ሳትጀምሪ አስመርምሪው እባክሽ። ሲነሳ ይቸግረዋል? ደረጃ ላይ ያመነታል? ይህንን ለሐኪሙ ንገሪው።

ባለ ቡቺ

አመሰግናለሁ ዶክተር። ደረጃ ላይ አያመነታም፣ ግን እንዲታይ ቀጠሮ አስይዛለሁ።

ሰማያዊ በር

አንድ ነገር ልጠይቅ። በተቃራኒውስ? ግሬይሀውንድ የሚባለው ቀጭን የሩጫ ውሻ ያላት የማውቃት ሴት ውሻዋ ሌላ ግሬይሀውንድ ሲያይ ከሩቅ ይደሰታል፣ ለሌሎቹ ግን ግድ የለውም ትላለች። ይሄስ ዝርያ ማወቅ አይደለም?

ንስር ዓይን

ግሬይሀውንዶች ብዙዎቹ እርስ በርስ ብቻ እየተያዩ ነው የሚያድጉት፣ በተለይ ለውድድር ተብለው የሚዳቀሉት። ቡችላ ከሦስተኛው ሳምንት አካባቢ እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ያየውንና የነካውን ነው «ይህ የኔ ዓለም ነው» ብሎ የሚይዘው። ስኮትና ፉለር የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አምስት ዝርያዎችን ለዓመታት አሳድገው በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንን የዕድሜ መስኮት በደንብ አስረድተውታል። በዚያ ዕድሜው ቀጭን፣ ረጅም አፍንጫ ያለው፣ በሩጫ የሚጫወት ውሻ ብቻ ያየ ቡችላ ሲያድግ እንደዚያ ያለው ያጽናናዋል። አጨዋወቱም ይገጥማል። መስተዋት አይቶ «እኔ ግሬይሀውንድ ነኝ» አላለም። እናቱንና ወንድሞቹን የሚመስለውን ነው ያወቀው።

ቡችላ ልትወስዱ ያሰባችሁ ሰዎች ይህን አደራ አስቡበት። በዚያ ዕድሜው በመልክ የተለያዩ፣ ጤነኛና የተረጋጉ ውሾች ይይ። ጠፍጣፋ ፊት፣ ረጅም ፀጉር ዓይኑን የሸፈነው፣ ጭራው የታጠፈ፣ ጆሮው የቆመ። መንካት እንኳን ባይችል ከሩቅ ይይ።

የቡልዶግ እናት

ይህን የጻፍከውን በትልቁ ጽፌ በየቦታው ብለጥፈው ደስ ይለኛል።

ጠይም ጥላ

እኔ ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። ይህንን አንብቦ «ሀስኪ ሌሎች ውሾችን የሚያስቆጣ ዝርያ ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ቀድሞም ስለ አንዳንድ ዝርያዎች የሚወራው ይበቃል።

ንስር ዓይን

ልክ ነሽ። ሀስኪው ምንም አላደረገም፣ ቆሞ ነው ያለው። በ2022 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከ18,000 በላይ የሆኑ ውሾች ባለቤቶችን ጠይቀው፣ ከ2,000 የሚበልጡትን ዘረመል መርምረው ያወጡት ውጤት፣ በአንድ ውሻና በሌላው መካከል ካለው የባህርይ ልዩነት ውስጥ ዝርያው የሚያብራራው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። መልክ በዝርያ በጣም ይወሰናል፣ ጠባይ ግን ያን ያህል አይወሰንም። እኛም እንደ ቡቺ መልክ አይተን እንፈርዳለን፣ ልዩነቱ እሱ ሌላ ማስረጃ የለውም፣ እኛ ግን ባለቤቱን ጠይቀን ማወቅ እንችላለን።

ቀጥታ ነገር

በዚህ እስማማለሁ። የመጀመሪያ ሐሳቤ ግን አልተለወጠም፤ ቡቺ አቋሙን ይፈራል፣ የባለቤቱ ገመድ ደግሞ ፍርሃቱን ያጸናል። ሁለቱም አብረው ይሠራሉ። ስለዚህ ሀስኪ ስታዪ ገመዱ ላላ እንዲል እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርጊ፣ ወይ ረዘም ያለ ገመድ ያዢ።

ቀስ በቀስ

ጥሩ ምክር ነው። ላላ ያለ ገመድ ለውሻው አንገቱን ዞር የማድረግ ዕድል ይሰጠዋል። ውሾች ሰላም ማለት ሲፈልጉ ጠመም ብለው ነው የሚቀራረቡት፤ ገመድ ሲወጠር ደረቱ ወደፊት ይወጣል፣ ራሱም ሳይፈልግ እንደ ጠበኛ ይቆማል፣ ያንን ሀስኪው ያያል፣ ሀስኪውም ይደርቃል።

ባለ ቡቺ

ጎረቤቶቼን አነጋገርኳቸው። በጣም ደግ ሰዎች ናቸው፣ የነሱም ሀስኪ ከሌሎች ውሾች ጩኸት ስለሚበዛበት ለመርዳት ዝግጁ ነን አሉኝ። አንድ ላይ እናገናኛቸው ወይስ እንጠብቅ? በመስኮት የሚጮኸውንስ ምን ላድርግ? ቤት በሌለሁበት ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ላይ ነው።

ቀስ በቀስ

ፊት ለፊት አታገናኟቸው፣ ገና ነው። የሐኪሙ ምርመራ ካለቀ በኋላ አብራችሁ ተራመዱ፤ መንገዱ ሰፊ ይሁን፣ እነሱ በአንዱ ዳር፣ እናንተ በሌላው ዳር፣ ሁለቱም ውሾች ወደ አንድ አቅጣጫ ይሂዱ። አብሮ የሚሄድ ውሻ ቀጥ ብሎ ከሚመጣ ውሻ በጣም ያነሰ ያስፈራል፣ ጭራውና ጆሮውም ከጎን ስለሚታይ ሌላ መልክ አለው። ቡቺ ዘና ካለ በሌላ ቀን ትንሽ ትቀርባላችሁ። አንዱ ከደረቀ ትራራቃላችሁ፣ ማንም ማንንም አይወቅስም። ሀስኪው መጀመሪያ ላይ ወደፊት ቢሄድና ቡቺ ከኋላው ሆኖ እያሸተተ ቢከተለው ይመረጣል፣ ከኋላ ማየትና ማሽተት ለፈሪ ውሻ ይቀለዋል። ከሁለቱ የአንዳቸው ባለቤት እንኳን ቢጠራጠር፣ ቡቺን አስቀድመሽ ቤት ውስጥ በደንብ አስለምደሽ የአፍ መከለያ ብታደርጊለት ጥሩ ነው፤ መተንፈስና ውኃ መጠጣት የሚያስችለው ሰፋ ያለው ዓይነት ይሁን።

መስኮቱን ዛሬውኑ ሸፍኚው። ቡቺ ቁመቱ የሚደርስበትን ያህል ብርሃን አሳልፎ ምስል የማያሳይ ፕላስቲክ ለጥፊበት፣ ሶፋው መስኮት ሥር ከሆነ አንሺው። እዚያ ቆሞ ሲጮህ ሀስኪው ሁልጊዜ ያልፋል፣ ለቡቺ ግን «ጮኼ አባረርኩት» ነው የሚሆንበት። በመንገድ ላይ በሥጋ የምታስተምሪው ቤት ውስጥ በመስኮቱ እየፈረሰ ከሆነ ሥራው አያልቅም።